ጸጋና ምግባር፤ የሮማ ትምህርተ ድኅነትና የኢትዮጵያ ሊቃውንት

ካቶሊካዊ በሥራዬ እጸድቃለሁ ይላል፤ ፕሮቴስታንት በእምነት ብቻ እድናለሁ ይላል የሚለው አነጋገር በከተማ ሰው ዘንድ እንደ ተረት ተለምዷል። የባቡር ሐዲድ በ1902 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ኦርቶዶክሳዊው፥ ካቶሊካዊው፥ ወንጌላዊውና እስላሙ ግድግዳ ተካፍለው በሚኖሩባት በድሬዳዋ፥ ይህ ነገር በሰርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ይነሣል፤ የሚያነሣውም ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም ወገን መጽሐፍ ገልጦ ያላየ ሰው ነው። አነጋገሩ ለአፍ ይቀላል፤ ለእውነት ግን አይበቃም። የፊተኛው እኩሌታ እንዲያውም ፈጽሞ ስሕተት ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሰው ያለ ጸጋ በገዛ ሥራው ይጸድቃል የሚለውን አውግዛለች እንጂ አላስተማረችም።

ይህን ማቅናት የሚያስፈልገው ለሮማ ክብር ተብሎ አይደለም። በዚሁ ክስ ኢትዮጵያም ተከሳበታለችና ነው። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ማርቲን ሉተር ሮማን በሥራዋ ትታመናለች ብሎ ሲከሳት፥ ከሮማ የተላኩት ካህናት ደግሞ ኢትዮጵያን በኦሪት ሥራ ትታመናለች ብለው ከሰሷት። ሉተር በሮማ ላይ የወረወረውን ጦር ሮማ መልሳ በኢትዮጵያ ላይ ወረወረችው ማለት ነው። ሁለቱም ተከሳሾች የሰጡት መልስ ደግሞ እጅግ የሚቀራረብ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ የዚህ ነገር ነው፤ የተጻፉትም ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ከቃሉ መጀመር ይሻላል። ጸጋ ማለት በግእዝ ያለ ዋጋ የተሰጠ ሀብት፥ ሰጪው ወድዶ የሰጠው፥ ተቀባዩ ሠርቶ ያላገኘው ነው። ጽድቅ ደግሞ እውነት ነው፤ ቅንነትም ነው፤ ከኵነኔ ነጻ መሆንም ነው። በምዕራብ የተነሣው ጠብ ሁሉ ጸደቀ ከሚለው ከዚህ ቃል ላይ የበቀለ ነው። ሉተር ቃሉን የዳኛ ቃል አድርጎ ተረጐመው፤ ዳኛ በደለኛውን ስለ ሌላ ሰው ብሎ ነጻ ነህ እንደሚለው፥ እግዚአብሔርም ኃጢአተኛውን ስለ ክርስቶስ ብሎ ጻድቅ ነህ ይለዋል አለ። የሮማ ሊቃውንት ግን ጻድቅ ነህ ብቻ አይለውም፤ ጻድቅ ያደርገዋልም፤ ውስጡን ያድሰዋል አሉ። አማርኛ በዚህ ላይ የራሱ የሆነ ምስክር አለው። ገበሬው ችግኝ ተክሎ ሥር በሰደደና ቅጠል ባወጣ ጊዜ ችግኙ ጸደቀ ይላል። ችግኙ የጸደቀው ጸድቀሃል ስለ ተባለ አይደለም፤ ውሃው ገብቶት ሕያው ስለ ሆነ ነው። ውሃውን ግን ችግኙ አላመጣውም። ቢደርቅ ደግሞ አልጸደቀም ይባላል። የላቲን ሊቃውንት በብዙ ቅጠል የጻፉትን የኢትዮጵያ ገበሬ በአንድ ቃል ይዞታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሮማም ብትሆን ይህን ትምህርት ያገኘችው ከሉተር ጋራ በተጣላች ጊዜ አይደለም። ጵላግዮስ የተባለው መነኵሴ ሰው በገዛ ፈቃዱና ኃይሉ ትእዛዝን መፈጸም ይችላል ብሎ ባስተማረ ጊዜ የሂጶው አውግስጢኖስ ተከራከረው፤ በ418 ዓ.ም. በቅርጣግና የተሰበሰበው ጉባኤም ትምህርቱን አወገዘ። በ529 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በኦራንጅ የተሰበሰቡት ጳጳሳት የእምነት መጀመሪያ እንኳ፥ ያውም የማመን ፍላጎቱ፥ ከጸጋ እንጂ ከሰው እንዳልሆነ ወሰኑ። ሉተር በ1517 ዓ.ም. የተነሣው በመጽሐፍ ባለው ትምህርት ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በገበያ ባለው ሥራ ላይ ነበረ፤ የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ደብዳቤ በገንዘብ ይሸጥ ነበርና። በዚህስ ላይ ሐቅ ነበረው። ኋላ ግን ክርክሩ ከደብዳቤው አልፎ ወደ ሥሩ ወረደ።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ ክርክር ጋራ የተገናኙት በ1534 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በአንድ ዓመት በሁለት አገር።

የመጀመሪያው ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ነው። ይህ ሰው በዚያ ዓመት እስከ ጀርመን አገር ዘልቆ ዊተንበርግ ገባ፤ ከማርቲን ሉተርና ከባልንጀራው ከፊልጶስ ሜላንክቶን ጋራ ተነጋገረ። ቋንቋው እጅግ አስቸግሯቸው ነበር። ነገር ግን ስለ ሥላሴ፥ ስለ ቅዳሴና ስለ ቍርባን ተጠያይቀው ሉተር ደስ አለው፤ ሐምሌ 4 ቀን 1534 ዓ.ም. የአደራ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። በደብዳቤውም የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ ልዩ ሥርዓት ብትጠብቅም የሥርዓት ልዩነት የሃይማኖትን አንድነት አያፈርስም የሚል አሳብ ገለጠ። ሉተር ከሮማ ውጭ የሚኖር፥ ለጳጳሱ የማይገዛ፥ ከሐዋርያት ዘመን የቆየ ክርስትና መኖሩን በዓይኑ ለማየት ይፈልግ ነበር፤ ዲያቆኑም ይህን አሳየው። ይሁን እንጂ ሚካኤል ዓመቱን በሙሉ እኩሌታውን የሚያህል ቀን ከሚጾም ሕዝብ የወጣ ሰው ነበረ። ጾምን፥ ስግደትን፥ ምጽዋትንና ምንኵስናን እንዴት እንደሚያይ ሉተር አጥብቆ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ወዳጅነቱ በዚያው ልክ መቆየቱ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው ጸጋ ዘአብ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የላኩት ይህ ካህን በ1527 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ፤ በዚያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። እንደ መልእክተኛ ይከበራል ተብሎ ሲታሰብ የፖርቱጋል የነገረ መለኮት ሊቃውንት እንደ ተከሳሽ መረመሩት፤ ስለ ግዝረት፥ ስለ ቀዳሚት ሰንበት፥ ስለ እንስሳት መብል ጠየቁት፤ በመጨረሻም ከሥጋ ወደሙ ከለከሉት። ክርስቲያን ሆኖ በክርስቲያን አገር እንደ አረማዊ መቆም ምን ያህል እንደ መረረው ከጻፈው ይታወቃል። በ1534 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዓት የሚገልጽ ጽሕፈት ጻፈ፤ በእርሱም ስለ መብልና ስለ ጾም ልዩነት ክርስቲያንን ከክርስቲያን መለየት እንደማይገባ ተከራከረ። ጽሕፈቱን ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ በላቲን ቋንቋ በ1540 ዓ.ም. በሉቨን ከተማ አሳተመው፤ በፖርቱጋል ግን መጽሐፉ እንዳይነበብ ተከለከለ። ይህ ጎይሽ ቀደም ብሎ በ1531 ዓ.ም. በዊተንበርግ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋራ በአንድ ማዕድ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1571 ዓ.ም. የሃይማኖት መርማሪዎች ይዘው በከሰሱት ጊዜ ይህም ተቈጠረበት። ስለዚህ ኢትዮጵያዊውን ካህን ለአውሮፓ ያሰማው ሰው ሉተርንም የሰማ ነበረ።

ሮማ ለሉተር የሰጠችው ሙሉ መልስ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጳጳሱ በጳውሎስ ሣልሳዊ ትእዛዝ በ1545 ዓ.ም. በትሬንቶ የተከፈተው ጉባኤ በስድስተኛው ስብሰባው፥ ጥር 13 ቀን 1547 ዓ.ም.፥ ስለ ጽድቅ ዐሥራ ስድስት ምዕራፍና ሠላሳ ሦስት ውግዘት አወጣ። ከእነዚህ ውግዘቶች የመጀመሪያው የሚመታው ሉተርን አይደለም፤ ሰው ያለ ጸጋ በገዛ ሥራው በእግዚአብሔር ፊት ይጸድቃል የሚለውን ነው። ካቶሊካዊ በሥራዬ እጸድቃለሁ ይላል የሚሉ ሰዎች ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢያነቡት በበቃቸው ነበር። ቀጥሎ ጉባኤው ጸጋ ሰውን ቀድሞ እንደሚያነቃው፥ ሰውም ነቅቶ እሺ ወይም እምቢ ለማለት ነጻነት እንዳለው አስተማረ። እምነት የጽድቅ መጀመሪያ፥ መሠረትና ሥር ነው አለ፤ ከጽድቅ በፊት ያለ ምንም ነገር ግን፥ እምነትም ቢሆን ሥራም ቢሆን፥ የጽድቅን ጸጋ የሚገዛ ዋጋ እንዳይደለ ገለጠ። ዘጠነኛው ውግዘት ደግሞ በእምነት ብቻ የሚለውን ይመታል፤ ምክንያቱም እምነት ፍቅርን ካልያዘ የሞተ ነው በማለት ነው። በመጨረሻም የጸደቀ ሰው የሚሠራው በጎ ሥራ ጸጋን ያበዛለታል፥ የዘለዓለም ሕይወትም ዋጋ ያሰጠዋል አለ፤ ነገር ግን ይህ ዋጋ ራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።

ዋጋ የሚለው ቃል የብዙ ሰው መሰናከያ ነው። ነገሩን እንደ ልጅና አባት ማየት ይቻላል። ልጅ በአባቱ መሬት፥ በአባቱ በሬ፥ በአባቱ ዘር ያርሳል፤ ላቡ ግን የራሱ ነው። አዝመራው ሲደርስ አባት ልጄ ደክሟልና ይህ ድርሻው ነው ቢል ሐሰት አልተናገረም። ልጁም መሬቱንና በሬውን ረስቶ እኔ ነኝ ያበቀልሁት ቢል ያበደ ነው። የትሬንቶ ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ከጉባኤው ሦስቱ የጳጳሱ እንደራሴዎች አንዱ ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ነበረ። ይህ ሰው በሮማ ለሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ጠባቂና ወዳጅ ነው። መነኵሴው የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን ነው። በግራኝ አሕመድ ዘመን ገዳማት ሲቃጠሉ ከአገሩ ወጥቶ በጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው በኢትዮጵያውያን ማረፊያ፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ፥ ተቀመጠ። ከጽድቁ ውሳኔ በኋላ፥ በ1548ና በ1549 ዓ.ም.፥ ከወንድሞቹ ጋራ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጐዶሎ ስለ ነበረ ብዙውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጕመው ሞሉት። አታሚዎቹ ግእዝ የማያነቡ፥ መነኰሳቱም የኅትመት ሥራ የማያውቁ መሆናቸውን ገልጠው ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለመኑ። እንግዲህ ምዕራባውያን ጳውሎስንና ያዕቆብን አጣልተው በሚያነቡበት በዚያ ወራት፥ ጳውሎስና ያዕቆብ በግእዝ ፊደል ታትመው ከሮማ ወጡ። በኢትዮጵያ ትርጓሜ ቤት ሁለቱ ሐዋርያት ተጣልተው አያውቁም፤ ጳውሎስ ያነሣው የኦሪትን ሥራ ነው፥ ያዕቆብ ያነሣው የወንጌልን ሥራ ነው ተብሎ ይታረቃሉ።

ይህ መለያየት፥ የኦሪት ሥራና የወንጌል ሥራ መለያየት፥ ወዲያው በአገር ቤት ለፍርድ ቀረበ። በ1555 ዓ.ም. ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ መጥቶ የኢትዮጵያን ስሕተት የሚዘረዝር መጽሐፍ አቀረበ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን የሃይማኖት መግለጫቸውን ጻፉ። ከጦር ሜዳ ያልራቀ ንጉሥ፥ አገሩ ገና ከእሳት ያልወጣ ሰው፥ ይህን የመሰለ ጽሕፈት መጻፉ ያስደንቃል። ግዝረትን የምንፈጽመው እንደ አይሁድ ጽድቅ ፈልገን አይደለም፤ የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፥ በህንድም ጆሮ እንደሚበሳ ነው የሚል ምክንያት ሰጡ። ቀዳሚት ሰንበትንም እንደ አይሁድ እሳት ሳይነድ ውሃ ሳይቀዳ በመዋል ሳይሆን ቍርባን በማሳረግ እንደሚያከብሯት አስረዱ። የእርያን ሥጋ የማይበላም በሕግ ተከልክሎ እንዳልሆነ፥ የሚበላውን የሚነቅፍ፥ የማይበላውንም የሚያስገድድ እንደሌለ ተናገሩ። አንባቢ ልብ ቢል፥ ይህ መልስ በነገረ ድኅነት ረገድ ከትሬንቶ መልስ ጋራ አንድ ነው። ሮማ ለሉተር ሥራው ሥሩ አይደለም፥ ፍሬው ነው ስትል፥ ገላውዴዎስ ለሮማ ሥርዓቱ ሥሩ አይደለም፥ ልማዱ ነው አሏት። ሮማ ለራሷ የጠየቀችውን ማስተዋል ለኢትዮጵያ አልሰጠችም። በ1557 ዓ.ም. የመጣው ጳጳስ እንድርያስ ኦቪዬዶ ከንጉሡ ጋራ ተከራክሮ አልተሳካለትም፤ በ1559 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን ከሮማ የተለዩ ብሎ ለምእመናኑ አስታወቀ። ገላውዴዎስም በዚያው ዓመት በጦርነት ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለአንባቢ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ይበቃል። ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 ዓ.ም. ገባ፤ ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ፤ ዐፄ ሱስንዮስን አሳመነ፤ በ1622 ዓ.ም. ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። በየካቲት 1626 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮማ መሐላ ከፈጸሙ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፥ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ አዘዘ። የረቡዕ ጾም ቀርቶ በቀዳሚት እንዲጾም ተደረገ። ገበሬው ስለ ሁለት ባሕርይ የሚነገረውን ላይሰማ ይችላል፤ የረቡዕን ጾም መሻር ግን ይሰማል። አባቱና አያቱ በዚያ ጾመው ሞተዋልና። እነዚያ ሁሉ ያልተጠመቁ ነበሩ ማለት እነዚያ ሁሉ አልዳኑም ማለት ሆኖ ታየው። የሜንዴዝ ጥፋት ከዚህ ላይ ነው፤ ጸጋ ከሰው ሥራ እንደሚቀድም የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን የላከችው ሰው፥ ጸጋ በኢትዮጵያ ከእርሱ መምጣት በፊት እንዳልሠራ አድርጎ ሄደ። በ1632 ዓ.ም. ከላስታው መልክአ ክርስቶስ ጋራ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሜንዴዝ ከአገር ተባረረ፤ በጎዋ ተቀምጦም መጽሐፍ ጻፈ።

በኢትዮጵያ ምድር ይህን ያህል ደም ሲፈስ ስለ እምነትና ስለ ሥራ የተደረገ ክርክር ግን ከጥቂቱ በቀር አይገኝም። ጠቡ ስለ ባሕርይ፥ ስለ ጥምቀት፥ ስለ በዓልና ስለ ጾም ነበረ። ኢየሱሳውያን ከሄዱ በኋላም ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው የተለያዩበት ነገር፥ ቃሉ ጸጋ ሲሆን፥ አሳቡ ሌላ ነው። በምዕራብ ጸጋ ሲባል ጥያቄው ሰው ከእግዚአብሔር እንዴት ይቀበለዋል የሚል ነው። በኢትዮጵያ ግን ጥያቄው ክርስቶስ በሥጋው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ምን ሆነ የሚል ሆነ፤ ቅባት የሚባሉት፥ ተዋሕዶ የሚባሉት፥ ሦስት ልደት ወይም ጸጋ የሚባሉት ተለያዩ። ይህ ክርክር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በ1878 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተፈረደ፤ የጸጋ ልጅ የሚለው ትምህርት ተወገዘ። ስለዚህ የላቲን ሰባኪ ጸጋ ባለ ጊዜ የጎንደርና የሸዋ ሊቅ ጆሮ ወዲያው የሚሄደው ወደ ልደት ነገር ነበረ፥ ወደ ድኅነት ነገር አልነበረም። ወደ ሮማ የሄዱት እንኳ በዚያው በር ነው የሄዱት። በ1839 ዓ.ም. ወደ ትግራይ የመጣውን የዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን ትምህርት የተቀበለው የጎጃሙ መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል፥ ብዙ ዘመን ሲመረምር የኖረው የክርስቶስን ባሕርይ ነገር ነው። በ1855 ዓ.ም. በእስራት ሞተ፤ ሮማም በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰየመችው።

ስለ እምነትና ስለ ሥራ ኢትዮጵያውያን ትምህርት የላቸውም ማለት ግን አይደለም። በጉባኤ አልተከራከሩበትም እንጂ በየካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን፥ በኪዳነ ምሕረት፥ ሕፃን ሳይቀር ይሰማዋል። የቅምር ሰው በላዔ ሰብእ ቤተ ሰቡን ጨምሮ ሰባ ስምንት ነፍስ በላ። አንድ ቀን በሥጋ ደዌ የተመታ ሰው ውሃ ለመነው፤ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፥ ስለ ጻድቃን ብሎ ለመነው፥ እምቢ አለ፤ ስለ ማርያም ብሎ በለመነው ጊዜ ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሳቱ በአንድ ወገን፥ ውሃው በአንድ ወገን ተመዘኑ፤ ውሃው ደፋ። ይህን የሰማ ፕሮቴስታንት፥ እነሆ ኢትዮጵያውያን በጥርኝ ውሃ እንድናለን ይላሉ ብሎ ይስቃል። በደንብ ያላዳመጠ ኦርቶዶክሳዊም አንዳንድ ጊዜ ልክ እንደዚያው ያምናል፤ ሰባ ስምንት በልቶ በጥርኝ ውሃ ለማምለጥ ያስባል። ታሪኩ ግን የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ውሃ በራሱ ክብደት ሰባ ስምንት ነፍስ አይመዝንም፤ እንዲደፋ ያደረገው የእመቤታችን ጥላ አረፈበት ይባላል። ጥላው ኪዳን ነው፤ ኪዳን ደግሞ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው። ሆኖም ጥላው ያረፈው በባዶ ሚዛን ላይ አይደለም። ጥርኟ ውሃ ባትኖር ማረፊያ አልነበረውም። ጸጋው ይመዝናል፤ ሥራው ግን መኖር አለበት። የትሬንቶ አባቶች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ኖሮ ዐሥራ ስድስቱን ምዕራፍ ያሳጥሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያል፤ ልዩነቱንም መሸፈን አይገባም። ሮማ ኃጢአት ከተሰረየ በኋላም የሚቀር ጊዜያዊ ቅጣት አለ፤ በዚህ ዓለም ያልተፈጸመው ከሞት በኋላ በማንጻት ይፈጸማል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከክርስቶስና ከቅዱሳን መዝገብ ቅጣቱን ልታቀልል ትችላለች ትላለች። የማንጻቱን ትምህርት በ1439 ዓ.ም. በፍሎረንስ ወሰነች፥ በ1563 ዓ.ም. በትሬንቶ አጸናች። ደብዳቤ በገንዘብ የሚሸጠውን ያን ጊዜ ከለከለች፤ ትምህርቱን ግን አልተወችም። ኢትዮጵያም ለሙታን ትጸልያለች፤ ፍትሐት ታደርጋለች፥ ተዝካር ታወጣለች። ነገር ግን ይህን ሁሉ በምሕረት ተስፋ ታደርገዋለች እንጂ የቀረውን ቅጣት በቍጥር አትተምንም፤ የማንጻት እሳት የሚባል ሦስተኛ ስፍራም አትቀበልም። በዚህ ነገር የሮማ ሐሳብ የዕዳና የሂሳብ ጠረን አለበት ቢባል ግፍ አይሆንም። የኢትዮጵያ ምእመን ደግሞ ተዝካር ሲደግስ ለድሃ ከማብላት ይልቅ ለጎረቤት ለመታየት የሚደክም ከሆነ፥ ከሮማ የዕዳ መዝገብ የባሰ መዝገብ ይዟል።

በሐረርና በድሬዳዋ አገር የሮማ ትምህርት የገባው እንደ ሜንዴዝ በዐዋጅ አይደለም። የካፑቺን ማኅበር መነኰሳት በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር መጥተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ጳጳስ የነበረው አባ እንድርያስ ዣሮሶ ከራስ መኰንን ጋራ ወዳጅ ሆነ፤ ልጃቸው ተፈሪም ፈረንሳይኛ የተማረው በዚሁ ሰው ጥበቃ ሥር ነው፤ ሃይማኖቱን ግን አልለወጠም። መነኰሳቱ በሐረር ለሥጋ ደዌ በሽተኞች መጠለያ አቆሙ። በላዔ ሰብእን ውሃ የለመነው የሥጋ ደዌ በሽተኛ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ኦርቶዶክሳዊ ይህን ሥራ አይቶ ለማን ተደረገ ብሎ ላይጠይቅ ይችላል።

ከሉተር ጋራ የነበረው ጠብ ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በጥቅምት 31 ቀን 1999 ዓ.ም. በጀርመን በአውግስቡርግ ከተማ ለዘብ አለ። የሮማ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም የሉተራውያን ፌዴሬሽን ስለ ጽድቅ አንድ መግለጫ ፈረሙ፤ ሰው የሚጸድቀው በጸጋ ብቻ፥ በክርስቶስ ሥራ በማመን፥ ከእርሱ በኩል በሚገኝ ሥራ ሳይሆን መሆኑን፥ መንፈስ ቅዱስም ልብን አድሶ ለበጎ ሥራ እንደሚያስነሣ አብረው መሰከሩ። በትሬንቶና በሉተራውያን መጻሕፍት ያሉት ውግዘቶች በመግለጫው ላይ እንደ ተጻፈው ያለውን ትምህርት እንደማይመቱም ተስማሙ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የዚያው ፌዴሬሽን አባል ስለ ሆነች፥ በድሬዳዋ አንዱ ሌላውን በሥራ ትታመናለህ፥ አንተ ደግሞ ሥራ ትንቃለህ እያለ የሚከስበት ሰነድ በራሳቸው አለቆች ፊርማ ተዘግቷል። በቤት ለቤት ክርክር ግን ይህ ገና የተሰማ አይመስልም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም ከከተማው ወጥቶ ወደ ገጠሩ ሲሄዱ የሚነሣ ነው። ዋሂል ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። በዚያ አካባቢ ማሽላ የሚዘራው ገበሬ አብዛኛው እስላም ነው፤ ዝናም ሲቀር ይራባል። መቀመጫው በድሬዳዋ የሆነ የሐረርጌ ካቶሊካውያን የልማትና የርዳታ ጽሕፈት ቤት በድሬዳዋ ገጠርና በሐረርጌ ለብዙ ዘመን እህል ሲያከፋፍልና የውሃ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ ተቀባዩም ሃይማኖቱን አይጠየቅም። እንዲህ ያለው ሥራ በሮማ ትምህርት ለሠሪው ምንድር ነው? ሰውን ለማጥመቅ የተጣለ መረብ ከሆነ በጎ ሥራ አይባልም፤ ጽድቅ ለመግዛት የተከፈለ ገንዘብም ከሆነ ትሬንቶ ራሷ ታወግዘዋለች። የቀረው እንግዲህ የፍቅር ፍሬ መሆኑ ነው። ስለ ተቀባዩስ? በ1964 ዓ.ም. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሮማ በገዛ ጥፋታቸው ሳይሆን የክርስቶስን ወንጌል ያላወቁ፥ ነገር ግን በቅን ልብ እግዚአብሔርን የሚሹና በጸጋው ተነሣሥተው ፈቃዱን ለመሥራት የሚጥሩ ሰዎች መዳን ይችላሉ ብላ ጻፈች፤ እስላሞችንም በስም ጠቀሰች። በዚያም ጽሑፍ ላይ በጸጋው የሚለው ቃል አልቀረም። ሜንዴዝ በ1626 ዓ.ም. ለተጠመቁት ኢትዮጵያውያን ያልሰጠውን፥ ጉባኤው ላልተጠመቁት ሰጠ።